የእናቴ በረንዳ፦ ወንድሜ የጠየቀኝን ልላክ ወይስ ልተወው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ላማክራችሁ። እናቴና ታናሽ ወንድሜ የሚኖሩት ከቱሉ ዲምቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቤቱ እግዚአብሔር ይመስገን አልቋል። የቀረው ፊት ለፊት ያለው በረንዳና ጠባቡ ግቢ ነው። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከቲክቶክ ያወረዳቸውን ፎቶዎች ደረደረልኝ። የመስታወት ጣሪያ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ፣ ግራጫ ሶፋ፣ አርቴፊሻል ሳር፣ በየጥጉ የተንጠለጠለ መብራት። ያምራል፣ አልዋሽም። ከሥር የጻፈው ገንዘብ ግን ከወር ኪራዬ እጅግ ይበልጣል። ኪራዬም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይጨምራል ተብያለሁ። የአዳር ሥራ ላይ ተጨማሪ ፈረቃ እየለመንኩ ነው።

እናቴን ለብቻዋ ደውዬ ጠየቅኳት። «ልጄ፣ ከሰዓት ፀሐዩ አላስቀምጥ ይለኛል እንጂ ቡናዬን የማፈላበት ጥላ ካገኘሁ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አለችኝ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ሰው መጥቶ ሲያይ አሜሪካ ልጅ ያላት ሴት ቤት አይመስልም» ነው ያለው።

ሌላው ጭንቀቴ ወለሉ ነው። በፊት የተሠራው ሊሾ ተሰነጣጥቋል። በበጋ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ክረምት ሲሆን መሐሉ ያብጥና ውሃው ወደ በሩ ይመለሳል። በዚህ ላይ ሴራሚክ ቢነጠፍ ይጸናል? ጣሪያውስ ምን ይሁን? ወንድሜንስ ሳላስቀይም እንዴት ልበለው? ክረምቱ ሳይገባ መወሰን አለብኝ።

የግንባታ ሰው (ካልጋሪ)

እህቴ፣ የወንድምሽን ነገር ለቤተሰብ ትቼ ስለ አፈሩ ልንገርሽ። አቃቂ አካባቢ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በሰሚት፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ አድርጎ እስከ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ድረስ ብዙው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። የሰፈሩ ሰው ኮተቻ ይለዋል። ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሊሾው የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ስለጎደለበት ብቻ አይመስለኝም። ከሥሩ ያለው መሬት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ የተጣበቀ ሴራሚክ በመጀመሪያው በጋ ይነሳል።

መደረግ ያለበት ይኸውልሽ። አሮጌው ሊሾ ይነሳ። ጥቁሩ አፈር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ፣ ቢቻል ከዚያም በላይ። በምትኩ ገረጋንቲ፣ ማለትም ውሃ ሲጠጣ የማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ ይሞላ። ግን አንድ ጊዜ ተዘርግፎ አይደለም። 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ። የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ ሙሌት ሊያደርግ የሚሞክር ሠራተኛ ካለ ሥራው በዚያው ሰዓት ይቁም። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፈሩን መኪና ጭኖ ማውጣት ወጪ ስላለው እዚያው ይደብቁታል።

ከላይ እኔ ብሆን ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ አነጥፋለሁ። ቦታው ትንሽ ቢሰምጥ ድንጋዩን አንስቶ፣ አስተካክሎ መመለስ ይቻላል። ሊሾና ሴራሚክ ግን አንዴ ከተሰነጠቁ መስበር ነው። የአምቦ ድንጋይም ያምራል፣ እሱ ግን ከሥሩ ጠንካራ አርማታ ይፈልጋል። ንጣፉን ከቤቱ መሠረት ጋር አታጣብቁት። ጥቂት ክፍተት ይተው። ከቤቱ ወደ ውጭ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን እዚያው በረንዳው ሥር እንዳይደፋ በቱቦ እስከ ቦዩ ይወሰድ።

የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለውጭ አይሆንም። እናትሽ በዕድሜ የገፉ ናቸው ብዬ አስባለሁ። በሐምሌ ዝናብ እርጥብ ሴራሚክ ላይ አንድ ጊዜ ቢንሸራተቱ የዳሌ አጥንት ነው የሚሰበረው። የመስታወቱን ጣሪያ ደግሞ በፍጹም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በረዶ የዘነበ ቀንስ?

በረንዳው ወዴት ነው የሚያየው? ይህን ሳላውቅ ስለ ጥላ መናገር አልችልም።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ

ወደ ምዕራብ ነው ወንድሜ። ፀሐይ ስትጠልቅ ፊት ለፊት ናት።

የግንባታ ሰው

እንግዲያው ችግሩ ጣሪያው አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ነው የምትገባው። ምን ያህል ጣሪያ ብታስረዝሚ ከ10 ሰዓት በኋላ እናትሽ ፊት ላይ ናት። ከፊት ለፊት የሚከልል ነገር ያስፈልጋል። የቀርከሃ ግርዶሽ ወይም በሽቦ ላይ የሚወጣ ተክል። ጣሪያው ቱቦላሬ ላይ የተመታ ተራ ቆርቆሮ ይበቃዋል።

ይህን ለሌሎቻችሁም ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ በረንዳ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ተሳስቷል።

አደይ (ስቶክሆልም)

የእናትሽን ቃል ሳነብ እንባዬ መጣ። የእኔም እናት የምትኖረው ሱሉልታ ነው። የእሷ በረንዳ ሶፋ የለውም። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ረጅም አግዳሚ አለ፣ እግሩ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል። ጣሳዎቹን በምስማር ትበሳቸዋለች። አንዱ ላይ ጤና አዳም፣ አንዱ ላይ በሶብላ፣ አንዱ ላይ ጎረቤት ቆርሳ የሰጠቻት ጽጌረዳ። ቡና ሲፈላ እጇን ብቻ ዘርግታ ጤና አዳሙን ትቀነጥሳለች። ከመቀመጫዋ አትነሳም። ጠዋት ጣሳዎቹን ወደ ፀሐይ ትገፋቸዋለች። ማታ ውርጭ ስለሚወርድ ወደ ግድግዳው ትመልሳቸዋለች።

እኔ እዚህ በረንዳዬ ላይ በሶብላ ዘርቻለሁ። ሐምሌ ላይ ጥሩ ነው። ጥቅምት ሲመጣ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ከዚያ ፀሐይ የለም፣ ይጠወልጋል። በየዓመቱ እንደገና እዘራለሁ።

እህቴ፣ ለግርዶሹ ቦገንቪሊያ ትከዪ። አንዴ ከያዘ ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ ፀሐይ ይወዳል። እሾህ ስላለው ከመቀመጫው ራቅ ይበል። ከሥሩ ጠጅ ሳርና ዳማከሴ። አርቴፊሻል ሳር ምን ይሠራል? የአዲስ ዓመት ዕለት ቄጠማ የሚጎዘጎዘው በምን ላይ ነው?

የሚኒሶታው (ሴንት ፖል)

ሁላችሁም ስለ ድንጋይና ስለ አበባ ታወራላችሁ። ጥያቄው ሌላ ነው። አንድ ጤነኛ ወጣት ወንድ እህቱ በአዳር ሥራ የምታገኘውን ገንዘብ ለሶፋ እየጠየቀ ነው። እዚህ ዶላር ከመሬት የምናፍስ ይመስላቸዋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ በኋላ ነገሩ ብሶበታል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ የዘመድ ጥያቄም አብሮ አደገ። «አሁንማ እጥፍ ሆኖልሻል» ይላሉ። የኛ ደመወዝ በዶላር ያው ነው። ኪራያችን ግን ጨምሯል።

እህቴ፣ አትላኪ። አንድ ጊዜ በረንዳ ከላክሽ ቀጥሎ አጥሩ ነው፣ ከአጥሩ በኋላ በሩ። እኔ አይቼዋለሁ።

ተመላሿ (ለገጣፎ)

ወንድሜ፣ በአክብሮት ልቃወምህ። ለሃያ ዓመት ገደማ ውጭ ኖሬ የተመለስኩ ነኝ። ከሩቅ የሚታየው ገንዘቡ ብቻ ነው። እዚህ ሆኜ የማየው ደግሞ ሌላ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ ታንከሩን የሚሞላው ማነው? እናትየዋን ሐኪም ቤት ይዞ ተራ የሚጠብቀውስ? ልቅሶ ቤት ቤተሰቡን ወክሎ የሚቀመጠው? ይህ ልጅ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነ ደመወዝ የሌለው ሥራ እየሠራ ነው። ሶፋ አይገዛለት እሺ። «ሰነፍ» ተብሎ ግን አይሰደብ።

ስለ ዕቃው ከተነሳ፣ ያ ግራጫ ሶፋ እዚህ አንድ በጋ አይቆይም። አስፋልቱ ካላለቀ ሰፈር አቧራው ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ፀሐዩ ቀለሙን ይመጠዋል። የቀርከሃ ወንበር ይሻላል፤ ርካሽም ነው፣ ባለሙያውም አለ። ግን ሲገዛ በደንብ ይታይ። በመገጣጠሚያው አካባቢ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳና ከሥሩ ነጭ ብናኝ ካለ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ይቅር። ትራሶቹ ልብሳቸው የሚወልቅ ይሁን። መብራት ከተፈለገ በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መብራት ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ግቢው አይጨልምም። የክረምት ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ግን ከበሩ ራቅ ብሎ ይሰቀል፣ አለዚያ ሁሉም ቤት ውስጥ ነው የሚገባው።

ቆርቆሮ ሲዘንብበት ስልክ አያናግርም። ቢቻል ከሥሩ ኮርኒስ ይመታ።

የሚኒሶታው

እህቴ፣ ማንንም ሰነፍ አላልኩም። እኔም ወንድሜን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የምለው፣ ለእናት ከሆነ ለእናት ይላክ፣ ለጎረቤት ዓይን ከሆነ አይላክ። እናትየው «ጥላ» ነው ያሉት። ለምን እሳቸው አይሰሙም?

ተመላሿ

እናት ልጇ እንዳይቸገር ብላ ያነሰውን ነው የምትጠይቀው። ይህን አታውቅም? እናቴ የዓይን መነጽሯ ተሰብሮ «ደህና ነው፣ አያለሁ» እያለች በአንድ ዓይን መስታወት ከርማለች። እናት «ይበቃኛል» ስትል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

የሚኒሶታው

እንግዲህ በዚህ አያያዝ ማንም እህት «አልችልም» ማለት አትችልም ማለት ነው። የአዳር ሠራተኛዋን ጀርባ ማን አየ? ዘመድ የላክነውን ይቆጥራል፣ እንቅልፋችንን አይቆጥርም።

የሰነድ ነገር (ፍራንክፈርት)

ልጆቼ፣ ተረጋጉ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሳስቦኛል። ቤቱ በማን ስም ነው? ከቤቱ ጋር የተያያዘ ቋሚ ጣሪያ እንደ ማስፋፊያ ሊታይ ይችላል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጊዜ ጀምሮ ግንባታ ያለ ፈቃድ አይጀመርም። ወረዳ ሄዶ መጠየቅ ይቀድማል። ወንድም ያስፈጽማል ከተባለ ውክልና ያስፈልጋል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበሽ ትፈርሚያለሽ፤ ከዚያ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘግበዋል። ውክልናው ላይ የሚጻፈውን ቃል በቃል አንብቢ። ቤት ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ለግንባታ ፈቃድ ተብሎ የተዘጋጀ ውክልና ውስጥ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ከገባ አስወጪው። ወንድምሽን ስለማላምን አይደለም። ወረቀት በጊዜው ካልተስተካከለ በኋላ ወንድምና እህት ያጣላል።

አደይ

ጋሼ፣ ከተነሳ አይቀር ልጠይቅዎት። እኔ የስዊድን ዜግነት አለኝ። የእናቴን ቤት በስሜ ማድረግ እችላለሁ?

የሰነድ ነገር

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ካለሽ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ትችያለሽ። ይህ ለሁሉም የሚጠቅም ስለሆነ ሌላ ርዕስ ክፈቺበት፣ በሰፊው እጽፋለሁ። እዚህ የልጅቷን ጥያቄ እንዳንውጥባት።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ቤቱ በእናቴ ስም ነው፣ ወረዳ ራሷ ትሄዳለች። የሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ከእናቴ ጋር ዛሬ ጠዋት ተነጋገርን። የወለሉን ገንዘብ እልካለሁ። ኮብልስቶን ይሁን ብላለች፤ ጣሳዎቿን የምትደረድርበት ጠርዝ ብቻ እንዲተውላት ትፈልጋለች። ሶፋውም መስታወቱም ይቆዩ። ወንድሜ ግን መልእክቴን አንብቦ አልመለሰልኝም። ተመላሿ የጻፈችውን ልልክለት አስቤ ነበር፣ ያስቀይመው ይሆን ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ካለ ንገሩኝ።

የሚኒሶታው

ይመልሳል። ጊዜ ስጪው። ገንዘቡን ግን በአንድ ጊዜ አትላኪ። ለቁፋሮው፣ ከዚያ ለሙሌቱ፣ ከዚያ ለድንጋዩ፣ እያየሽ።

ተመላሿ

በዚህ እንስማማለን። ወንድምሽን ግን ሠራተኛ አታድርጊው። «አንተ ምረጥ» የምትዪው አንድ ነገር ተዪለት። ወንበሮቹን ወይም መብራቱን። በጀቱን ንገሪው፣ ምርጫውን ለእሱ። እህት የምትልከውን ተቀብሎ ማስፈጸም ብቻ ለወንድ ልጅ ከባድ ነው።

የሚኒሶታው

ለእህትየዋስ ቀላል ነው?

የግንባታ ሰው

ክርክሩን ትታችሁ አንድ ነገር ላስቸኩል። ግንቦት እያለቀ ነው። ዋልካ ከረጠበ በኋላ አካፋ ላይ ተጣብቆ አይለቅም፣ መጠቅጠቅም አይቻልም። ቁፋሮው ዝናቡ ሳይጠነክር ካልተጀመረ እስከ ጥቅምት መጠበቅ ይሻላል። እህቴ፣ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ወንድምሽ ወይም እናትሽ ሜትር ይዘው ከበሩ ደፍ እስከ ግቢው መሬት ያለውን ቁመት ይለኩ። ከ15 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የነገርኩሽ ንጣፍ ከደፉ ጋር እኩል ይሆናል፣ ውሃም ቤት ይገባል። ያን ጊዜ ቁፋሮው ጠለቅ ማለት አለበት። ቁጥሩን ጻፊልኝ። አሸንዳው የሚወርድበትን ጥግም ፎቶ አንሥተው ይላኩ።