አዲስ የአትክልት ሠራተኛ እንዴት ነው የምታሠለጥኑት? "እያየህ ልመድ" አላዋጣኝም

አረንጓዴ ግቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አነስ ያለ የግቢ ውበት ሥራ አለኝ። ሣር እናጭዳለን፣ አጥር እንከረክማለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ አልፎ አልፎም ባዶ ግቢ ተረክበን ከዜሮ እንሠራለን። ሥራ አልጠፋም። የጠፋው ሥራውን በወጉ የሚሠራ ሰው ነው።

አዲስ ልጅ ሲመጣ ከነባር ሠራተኛ ጋር አሰልፈውና "እያየህ ልመድ" እለዋለሁ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው መሰለኝ። ችግሩ ልጁ የሚለምደው ሥራውን ሳይሆን የነባሩን አመል ነው። ነባሩ ትሪመሩን (በእጅ የሚያዘውን የሣር መቁረጫ ማሽን) ግንዱ ጥግ ድረስ ያስጠጋል፣ ከሱ ያየው ደግሞ ይባስ ብሎ ቅርፊቱን ይልጠዋል። ደንበኛው ይደውላል። ልጁን ስጠይቀው "ማንም አልነገረኝም"፣ ነባሩን ስጠይቀው "አይቶኝ የለ እንዴ?"

እና ሥራ ሳይቆም እንዴት ነው የምታሠለጥኑት? ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ላስቀምጣቸው አልችልም፣ ባስቀምጣቸውም ማንቀላፋታቸው አይቀርም። ደግሞ ለፍቼ ያሠለጠንኩት ልጅ ሙያውን ይዞ ሌላ ጋ ቢሄድስ? ፎርማን ላደርገው ያሰብኩት ልጅም አለ፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ሰው ፊት ግን አፉ አይፈታም። እስቲ የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

የድሮ ፎርማን፦
ወንድሜ፣ "እያየህ ልመድ" ሥልጠና ሳይሆን ዕጣ ነው። ጥሩ ሰው ጋ የደረሰው ጥሩ ይሆናል፣ ያልደረሰው አለቀለት።

ችግሩ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካው ሁሉ በአዲስ ሰው ሲሞላ መንግሥት ለፎርማኖች አንድ አጭር የማሠልጠኛ ዘዴ አስተማረ። 4 ደረጃ ብቻ ነው። ሰውየውን አዘጋጀው፣ ሥራውን አሳየው፣ ራሱ ይሞክረው፣ ከዚያ ተከታተለው። እስከ ዛሬ በየፋብሪካው ይሠራበታል። ብዙዎቻችን ሁለተኛው ላይ ነው የምንቆመው፤ አሳይተን "ገባህ?" እንላለን፣ እሱም "አዎ" ይላል፣ በቃ። ማን ነው አልገባኝም ብሎ አለቃው ፊት የሚቆመው? ስለዚህ "ገባህ?" ብለህ አትጠይቅ። "ሥራውና እየሠራህ ንገረኝ" በለው። እጁ የሚያደርገውን አፉ ማስረዳት ካልቻለ ገና ነው።

በራስህ ምሳሌ ልሂድ። ትሪመር ከማስያዝህ በፊት ተቆርጦ የወደቀ እርጥብ ቅርንጫፍ ስጠው። ቅርፊቱን በጥፍሩ ይላጠው። ሥሩ ያለውን እርጥብና አረንጓዴ ሽፋን ያያል። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በዚያ ስስ ነገር በኩል ነው፣ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ዛፉ ግን በማግሥቱ አይደርቅም። ወራት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚሞተው፣ ለዚህ ነው ልጆቹ "ትንሽ ጭረት ናት" የሚሉት። በጥፍሩ የላጠ ልጅ ግን ሁለተኛ አያስጠጋም።

ከዚያ ደግሞ ፈተናውን ራሱን አጥፋለት። ግንዱ ዙሪያ ሣሩን ነቅላችሁ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ (የደረቀ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ) አልብሱት፣ ግንዱን ሳይነካ። ያኔ ትሪመሩ እዚያ ምን ይሠራል?

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት 10 ደቂቃ፣ አንድ ነገር ብቻ። ያን ቀን የምትሠሩትን ሥራ የሚመለከት ይሁን፤ ከነገ ወዲያ የሚያስፈልግ ነገር አታስተምር፣ እስከዚያ ይተናል።

ቅጠሊት፦
የድሮ ፎርማን ባለው እስማማለሁ፣ ግን ሁሉም ነገር በጠዋት 10 ደቂቃ አይሆንም። ርጭትና የሞተር መጋዝ ለብቻቸው ናቸው። እነዚህን ሳይፈተን ማንም አይነካም፣ ነባር ይሁን አዲስ። የፀረ-አረም ዕቃ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ማንበብ የማይችል ልጅ ካለ አንድ ሰው ያንብብለት፣ እሱ ደግሞ በራሱ አፍ መልሶ ይንገር። ጓንት፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። ነፋስ ካለ ርጭት የለም፣ የደንበኛው ጽጌረዳ ከአረሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለፀረ-አረም የዋለ መርጫ ለሌላ ነገር አይውልም፣ ምልክት አድርጉበት።

መግረዝ ላይ የማየው ትልቁ ጥፋት ከባድ ቅርንጫፍን በአንድ ጊዜ ከላይ መጋዝ ነው። ግማሽ ሲደርስ በራሱ ክብደት ይወድቅና የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይዞት ይወርዳል። በ3 ጊዜ መቁረጥ ነው አሠራሩ። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ ትንሽ፣ ቀጥሎ ከሱ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች እስኪወድቅ፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን ጉማጅ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ከአበጠው አንገት ወጣ ብሎ። አንገቱን አትንኩት፣ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በሱ ነው። ጉማጅም አታስቀሩ፣ ይበሰብሳል። ልጆቹን የደንበኛ ዛፍ ላይ አታስጀምሩ፤ የሚነቀል ወይም የሚጣል ዛፍ አይጠፋም፣ እሱ ላይ እስኪሰለቻቸው ይቁረጡ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያደርገውን ልንገራችሁ። የእኛ ሥራ ጥፋቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አናጺ በሩ ካልዘጋ እዚያው ያየዋል። ችግኝ ጠልቆ የተተከለ እንደሆነ ግን ቢሞትም ከዓመት በኋላ ነው፣ የተከለው ልጅ በዚያ ጊዜ ሌላ ግቢ ነው ያለው። ጥፋቱን አይቶ የማያውቅ ሰው በምን ይማራል? ስለዚህ ቡድኑን አልፎ አልፎ ድሮ ወደ ሠራችሁት ግቢ መልሳችሁ ውሰዱ። የከሳውን ዛፍ ሥር ራሳቸው ቆፍረው ይዩ። ብዙ ጊዜ ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ታገኙታላችሁ። እሱ ከአፈሩ ደረጃ ጋር እኩል መታየት አለበት። ጉድጓዱ ሥሩ ካቀፈው አፈር 2 ወይም 3 እጥፍ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ግን ከአፈሩ ቁመት ያልበለጠ። ይህን 10 ጊዜ ከመናገር አንድ የታነቀ ሥር ማሳየት ይበልጣል።

ማሽን ቤት፦
እኔ አጭር ነኝ። ማሽን የሚያጠፋው ሰው እንጂ ዕድሜ አይደለም።

ቱ ስትሮክ ሞተር፣ እንደ ሞተር መጋዝ ያለው ትንሹ ሞተር ማለት ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ካልተለወሰለት ፒስተኑ ተጣብቆ ይሞታል። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ግን የማሽኑን መመሪያ ተከተሉ። ፎር ስትሮኩ ማጨጃ ደግሞ የሚፈልገው ንጹሕ ቤንዚን ነው፣ ዘይቱ የራሱ ቦታ አለው። ጀሪካኖቹን በቀለም ለዩ፣ "አስታውስ" ማለት አይሠራም። ጠዋት የተቻኮለ ሰው የሚያነሳው ቅርቡን ነው።

ስለቱ ጋ እጅ ከመድረሱ በፊት የካንዴላው (ሞተሩን በብልጭታ የሚያስነሳው) ገመድ ይነቀል። ሞተሩ ጠፍቷል ብሎ መተው የለም። ይሄን ያልፈጸመ ሰው ያን ቀን ማሽን አይነካም፣ መሳቅ መቀለድ የለም።

ስለት መሞረድን ለሁሉም አስተምሩ። ከታጨደ በኋላ ልጁ ተንበርክኮ የሣሩን ጫፍ ይይ። ስል ስለት እንደ መቀስ ይቆርጣል፣ ደነዝ ከሆነ ግን ይቦጭቀዋል፣ ጫፉ ተበጣጥሶ በማግሥቱ መሬቱ ሁሉ ነጣ ብሎ ይታያል። ደንበኛው "ሣሬ ውኃ ጠማው" ይላችኋል፣ ችግሩ ስለቱ ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጡ። ሣሩ አምልጦ ከረዘመ በሁለት ዙር ይውረድ።

ጆሮም አለ። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ መከላከያ የግድ ነው። ፎርማኑ ራሱ ካላደረገ ግን ማንም አያደርግም።

ገና ጀማሪ፦
እኔ በሠራተኛው ወገን ነኝ፣ አለቆች ቅር እንዳይላችሁ።

ሠልጥኖ ይሄድብኛል ትላላችሁ። የምንሄደው ስለሠለጠንን አይመስለኝም። ሠልጥነን ምንም ስላልተለወጠ ነው። መግረዝ ችያለሁ፣ ርጭት ችያለሁ፣ ግን አሁንም ሬኩን ይዤ ቅጠል የምጠርገው እኔው ነኝ፣ ክፍያውም ያው። አንድ ሙያ የጨረሰ ሰው በዚያ ሙያ ይመደብ፣ ትንሽም ብትሆን ጭማሪ ይታይበት። ከገባን ጀምሮ "ይሄን ስትችል ይሄ ይሆንልሃል" ተብሎ የሚነገረን ስንቶቻችን ነን?

ሌላው፣ ደንበኛ ፊት አትጩሁብን። ጥግ ወስዳችሁ የፈለጋችሁትን በሉ። ደንበኛ ፊት የተሰደበ ልጅ ያን ቀን የሚያስበው ስለ ሣሩ አይደለም።

ደግሞ የመጀመሪያዋን ሳምንት እዘኑልን። ፀሐይ ያልለመደ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ በሙቀት ተዝለፍልፎ የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ አዲሱ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ሰነፍ እንዳንባል ውኃ እንኳ አንጠይቅም። "አሁን ጠጣ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥ" ብሎ የሚያዝ ሰው ይኑር። ከባዱን ቁፋሮ ለጀማሪ መስጠት እንደ ቀልድ የተለመደ ነው፣ ቀልዱ ግን አያስቅም።

አረንጓዴ ግቢ፦
ጀማሪ፣ ምን ቅር ያሰኛል፣ እንዲያውም ያሰብኩትን ሁሉ ገለበጥክብኝ። ሙያ በሙያ ጭማሪ የሚለውን ቁጭ ብዬ አሰላዋለሁ። ቅጠሊት እህቴ፣ ወደ ድሮ ግቢ መመለሱን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ደንበኛውም ተቆጣጠሩልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። የፎርማኑን ነገር ግን ምንም አላላችሁኝም።

የድሮ ፎርማን፦
ዝምታው አያስፈራህ። አፈ ጮሌው ፎርማን ብዙ ጊዜ ደንበኛው ጋ ቆሞ ሲያወራ ሥራው ይቀራል። እጁ ወርቅ መሆኑ ግን በራሱ አይበቃም፤ እጁ የሚያውቀውን ማስተላለፍ የማይችል አለና። ቡድን ከመስጠትህ በፊት አንድ አዲስ ልጅ ስጠው፣ አንድ ሥራ ያስተምረው፣ ለምሳሌ አጥር መከርከም። ከዚያ እሱን ሳይሆን ልጁን እይ። አጥሩ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ብሎ ወጣ? ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ሲጠየቅ "የታችኛው ቅጠል ብርሃን እንዲያገኝ" አለ? ካለ ሰውህን አግኝተሃል። ልጁ ፈዞ ከቆመ ወይም ወርቅ እጁ ራሱ መቀሱን ነጥቆ "ተወው እኔ ልሥራው" ካለ ገና ነው። ይሄ መንጠቅ የጎበዝ ሠራተኞች ሁሉ በሽታ ነው፣ እጁን ኪሱ ከቶ ማስተማርን መልመድ አለበት።

የቀረውን ቀስ በቀስ ጨምርለት። መጀመሪያ የዕለቱን ዕቃ ቆጥሮ መጫን፣ ቀጥሎ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቀድሞ መገመትና ማታ ከሆነው ጋር ማስተያየት። ደንበኛ ማነጋገሩን ለጊዜው አንተ ያዘው።

ቅጠሊት፦
በዚህ ላይ ልጨምር፣ ፎርማን ሲሆን የሥራ ጓደኞቹ ትናንት እኩዮቹ ነበሩ። ማዘዝ ያፍራል። ስለዚህ ሹመቱን አንተ ራስህ ሁሉም ባሉበት ተናገርለት፣ የሚወስነውንና የማይወስነውንም በግልጽ ንገራቸው። ሳትናገር ቀርተህ "አንተ እኮ ነህ ኃላፊው" ብለህ ማታ ብትቆጣው የማንም አይሆንም።

አረንጓዴ ግቢ፦
እሺ። ነገ ጠዋት ቅርንጫፍ በመላጥ እንጀምራለን፣ አጥሩንም ለዝምተኛው ከአንድ አዲስ ልጅ ጋር እሰጠዋለሁ። ማሽን ቤት፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የተለወሰውን ቤንዚን ለስንት ጊዜ ነው ማስቀመጥ የሚቻለው? መጋዘን ውስጥ የቆየ ጀሪካን አለኝ።

ማሽን ቤት፦
ከአንድ ወር በላይ አታቆየው፣ እያረጀ ሲሄድ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን) ይደፍናል። የዚያ ጀሪካን ዕድሜ ካልታወቀ ማሽን ውስጥ አትጨምረው። መሬትም ላይ አትድፋው፣ የቃጠሎ ዘይት የሚረከብ ቦታ ካለ እዚያ ጠይቅ። አዲሱ ላይ የተለወሰበትን ቀን በማርከር ጻፍበት፣ ይሄንንም ለልጆቹ ሥራ አድርገህ ስጣቸው።