ደሴ ላይ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር፦ ጥፋቱ የመኪናው፣ የሹፌሩ ወይስ የሐረጎ ዳገት?

አወያይ
ሰላም ጀማዓ። የዛሬው ክርክር ከመኪና ባለቤቶችና ከሹፌሮች የመጣ ነው። ደሴ ውስጥ ቪትዙን ለሹፌር የሰጠ ሰው «በሊትር 16 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባት፣ ካነሰ ልዩነቱ ከኪስህ» ይላል። ሹፌሩ «11 ከሄደችልኝ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ለመኪኖቻቸው እንዲሁ ቋሚ ልክ ቆርጠው ነዳጅ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ቋሚ ልክ መቁረጥ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? መስከረም 2017 ላይ 91 ብር ከ14 ሳንቲም የገባው ቤንዚን ዓመቱ ሳይጋመስ 100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ የሳንቲም ጨዋታ አይደለም። ስድብ የለም፣ ቀልድ ይፈቀዳል።

ባለ ቪትዟ
እኔ እቆርጣለሁ፣ አላፍርበትም። ወንድሜ ይችኑ መኪና ደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለስባት 16 ትሄድለት ነበር። ሹፌር ቀጠርኩ፣ 11 ገባች። በቀን 110 ኪሎ ሜትር ብትሠራ በ16 ሒሳብ 7 ሊትር አትፈጅም፣ በ11 ሒሳብ ግን 10 ሊትር ትጠጣለች። በየቀኑ 3 ሊትር! ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በየመንገዱ ሲቸበቸብ እያየሁ ምን ላስብ?

ሹፌር ከሮቢት
እህቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚያወዳድሩት ሁለት መንገድ ነው። ወንድምዎ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። እኛ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ሆጤ፣ ደንበኛ ስንጠብቅ ሞተር እንደተነሳ፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ባጃጅ ከፊት ሲቆም መልሰን ከዜሮ። ጠዋት በዚያ የጦሳ ተራራ ብርድ ሞተሩ እስኪሞቅ ሦስት ሰው አድርሰናል። ቤንዚን ቢሸጥማ ኖሮ ጫማዬ ይህን አይመስልም ነበር 😄

የወልድያ ልጅ
ዳገት ዳገት አትበሉን። የወጣ መኪና ይወርዳል፤ ሲወጣ የበላውን ሲወርድ ይመልሳል። ደርሶ መልስ ተደምሮ ሲካፈል ሜዳ ነው። እንዲያውም ብልጥ ሹፌር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ ወርዶ ያተርፋል።

የፊዚክስ መምህር
ወልድያ፣ ግማሹ እውነት ነው። ቁጥር ላስቀምጥ። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ሰው የጫነች ቪትዝ 1,200 ኪሎ ብትመዝን፣ ያን ክብደት ደሴ ድረስ ማንሳት 7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ቢይዝም ጎማ ላይ የሚደርሰው ሩቡ ግድም ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገቱ ለብቻው 0.9 ሊትር ያህል ይበላል። ሜዳ ላይ በሊትር 16 የምትሄድ መኪና 24 ኪሎ ሜትሩን በ1.5 ሊትር ትጨርሰው ነበር፤ ስትወጣ ግን 2.4 ትጠይቃለች። ይህ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናዋም ጤነኛ ነች።

አሁን ቁልቁለቱ። ዳገቱ የወሰደው ሁሉ ቢመለስ ወልድያ ይረታን ነበር። ነገር ግን ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የተመለሰው ጉልበት ፍሬኑን አሙቆ ይቀራል። ሐረጎ ደግሞ ከነጥምዝምዙ፣ ከነከባድ መኪናው፣ ፍሬን ሳይነካ የሚወረድ መንገድ አይደለም። ቁልቁለቱን በ1 ሊትር ብትጨርስ ደርሶ መልሱ 14 ይመጣል። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ግን ከ16 ይልቅ እሱን አምናለሁ። ከተማ ውስጥማ ደሴ እያንዳንዷ ቁልቁለት መጨረሻዋ ፍሬን ነው፤ የሚመለስ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጋራዥ ኮምቦልቻ
በዜሮ ማርሽ ስለመውረድ የተባለው ይሰረዝ! ኢንጀክሽን ያላት፣ ማለትም ቤንዚኗን ኮምፒውተር የሚመጥንላት መኪና፣ ማርሽ ውስጥ ሆና ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ቤንዚኑን ራሷ ትዘጋለች። ዜሮ ስታደርጋት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቷን ትቀጥላለች። ላታተርፍ ፍሬን ታቃጥላለህ። ሐረጎን በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ ከፊቱ አልነዳም።

ዲኤክስ ነኝ
እኔ የድሮዋን ኮሮላ ነው የምነዳው፣ ቤንዚንና አየሩን ያለ ኮምፒውተር የምትቀላቅለውን ባለ ካርቡሬተሯን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን አይቀንስም፣ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቪትዝ በሴንሰር ታስተካክላለች። ስለዚህ ለኔና ለቪትዝ አንድ ልክ የሚቆርጥ ሰው ሁለታችንንም አላየንም። ቆላ ወርጄ ሀርቡና ከሚሴ ሜዳው ላይ ስነዳትማ ሌላ መኪና ትሆናለች፣ ማሻአላህ።

ባለ ቪትዟ
መምህር፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። ግን ፋብሪካው ራሱ በሊትር ከ20 በላይ ትሄዳለች ብሎ ጽፏል እኮ። እኔ አዝኜ ነው 16 ያልኩት!

የፊዚክስ መምህር
እህቴ፣ ያ ጽሑፍ የተጻፈው ለጃፓን ነው። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የመጡት የቆዩ ቪትዞች ላይ ያለው ቁጥር «10-15 ሞድ» በሚባል ፈተና የተለካ ነው። መኪናዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ጎማዋን በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ አሳርፋ፣ ሞተሯ አስቀድሞ ሞቆ፣ 4.16 ኪሎ ሜትር በ11 ደቂቃ ትነዳለች፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 22.7 ነው። ዳገት የለ፣ ጠዋት ብርድ የለ፣ አራት ሰው ከነጓዙ የለ። ጃፓኖቹ ራሳቸው በ2011 (በፈረንጆቹ) ወደ ሌላ ፈተና ቀየሩት። ቁጥሩ ሁለት መኪና ለማወዳደር ይጠቅማል፤ ደሴ ላይ ሹፌር ለመክሰስ ግን አይበቃም። ወንድምዎስ 16ን እንዴት ነው የለኩት?

ባለ ቪትዟ
ዳሽቦርዱ ላይ ከሚያሳየው።

ሹፌር ከሮቢት
አጃኢብ! እኔን በማደያ ደረሰኝ፣ ወንድምዎን በዳሽቦርድ?

ባለ ቪትዟ
እሺ ይሁን፣ 16ን ተውኩት። አንድ ነገር ግን መልሱልኝ። ልክ ካልተቆረጠ ሌባ ሁሉ ሐረጎ ሥር ሊደበቅ ነው? ዛሬ 11፣ ነገ 9፣ ከነገ ወዲያ «ብርዱ ጠና» ተብሎ 8። ባለንብረት በምን ይያዝ?

የወልድያ ልጅ
ይህ ነው ጥያቄ። መምህሩ የመኪናውን ነገር እንጂ የሰውን ነገር አላስረዳንም።

ጋራዥ ኮምቦልቻ
መያዣው መኪናዋ ራሷ ነች። የሌላ ሰው ቪትዝ ስንት ሄደች ሳይሆን ይቺው መኪና በዚሁ ሥራ ላይ ባለፈው ወር ስንት ሄደች? ፉል አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፣ ከሠራች በኋላ በዚያው ማደያ መልሰው ፉል አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር ያካፍሉ። አንዴ ብቻ አይበቃም፤ ቀጂው ያቆመበት ቦታ እንኳ ልዩነት ያመጣል።

ሹፌር ከሮቢት
የት አገር ነው ፉል የሚሞላው ጋሼ? ግማሽ ቀን ተሰልፈን የደረሰንን ቀድተን እንወጣለን።

ጋራዥ ኮምቦልቻ
እውነትህን ነው። እንግዲያው የወር አድርጉት። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ደረሰኙ ስልክህ ውስጥ አለ፤ የወሩን ሊትር ደምር፣ ኪሎ ሜትሩን አካፍል። ወሩ ሲጀምርና ሲያልቅ ታንከሩ ውስጥ የቀረው 4 ሊትር ቢለያይ እንኳ ከ150 ሊትር ላይ 3 በመቶ አይሞላም። በሃይላንድ የተገዛው ግን ሊትሩም ጥራቱም አይታወቅምና ሒሳቡን ያበላሸዋል።

የመኪና ጥፋት መሆኑን ለመለየት ደግሞ ሰዎች ከማይረባው ይጀምራሉ። ጎማ መጀመሪያ ይወቀሳል፤ ንፋሱ 10 ፒኤስአይ ቢጎድል እንኳ ጉዳቱ 2 በመቶ አካባቢ ነው (ጎማውን ግን ይጨርሳል)። የአየር ፊልትሮ ቢቆሽሽ ኢንጀክሽን መኪና ላይ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን ያን ያህል አይነካም፤ ፊልትሮው የሚጎዳው የዲኤክሱን ነው። ትልልቆቹ ሌሎች ናቸው። የሚይዝ ፍሬን፦ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ በእጅ አዙሩት፣ እምቢ ካለ እዚያ ነው ቤንዚናችሁ የሚያልቀው። የሞተ ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱን እየለካ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው)፦ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ይህን መሰል ከባድ ብልሽት መጠገን ፍጆታን እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል ይላል። የኛ አገር በሽታ ደግሞ ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው። ሞተር እንዳይግል ብለው አውጥተው ይጥሉታል፤ ቆላ ላይ ምንም አይመስልም፣ ደሴ ላይ ግን ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፣ ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» እያለ ቤንዚን ይጨምራል።

ባለ ቪትዟ
የኔዋ ቴርሞስታት ይኑራት አይኑራት አላውቅም።

ሹፌር ከሮቢት
ሊቆረጥልን የነበረው ልክ ግን ይታወቅ ነበር 😄

ዲኤክስ ነኝ
ሌብነቱን ለመለየት አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ባለቤቶች ይስማሙና ለአንድ ወር ሹፌር ይቀያየሩ፣ መስመሩ እንዳለ ሆኖ። ፍጆታው ከመኪናዋ ጋር ከቀረ የጋራዥ ጉዳይ ነው። ከሹፌሩ ጋር ከሄደ የእግሩ ወይም የጀሪካኑ ነው። የትኛው እንደሆነ አይለይም፣ ግን ቢያንስ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለህ።

የኤሌክትሪክ ወዳጅ
ለሁለት ቀን ትጨቃጨቃላችሁ። ከ2016 ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም፤ ኤሌክትሪክ ግዙና ገላገላችሁን። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ባትሪዋን ትሞላለች፣ ሐረጎ ሒሳቡን ይከፍላችኋል።

የወልድያ ልጅ
መብራት ሲኖር ጥራን 😂

የፊዚክስ መምህር
ወደ ጥያቄው እንመለስ። አዲስ መኪና አይገባም ማለት ያሉት የቤንዚን መኪኖች እያረጁ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ ማለት ነው፤ ዛሬ የተቆረጠ ልክ ከሦስት ዓመት በኋላ ለዚያችው መኪና አይሠራም። እኔ ልክ መቁረጥን አልቃወምም፤ ለ«ቪትዝ» መቁረጥን ነው የምቃወመው። ለዚች መኪና፣ ለዚህ መስመር፣ ከራሷ የሁለት ሦስት ወር መዝገብ ይውጣ። ከዚያ 5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሲል ዝም፣ 15 ሲያልፍ ጋራዥ፣ ጋራዥ ካላገኘው ያኔ ሹፌሩ ይጠየቅ።

ባለ ቪትዟ
ቅደም ተከተሉን አልወደድኩትም። እስከዚያ የኔ ብር ያልቃል። ቢሆንም ሁለት ወር ልሞክር። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን አልከፍልም፣ ማታ ማታ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ ይላክልኝ።

ሹፌር ከሮቢት
ፎቶው ይላካል፣ አብሽሩ። የኛም አለ። ሰርቪስ በኪሎ ሜትሩ ይደረግ፣ «ገበያው ይቅናና» እየተባለ አይገፋ። ቴርሞስታቱ ይታይ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ እንድገዛ ካልፈለጉ መኪናዋ ትቆማለች፤ የዚያን ቀን ገቢ እንዳይጠይቁኝ።

ባለ ቪትዟ
የቆመችበትን ቀን ገቢ በግማሽ እንነጋገራለን። ቴርሞስታቱን ነገ አሳየው፣ ወጪው በኔ።