ፕላቲነም ያላወጣ «አይቼዋለሁ» ነው የሚለው?

የሽምብጡ፦
እስኪ ፍረዱኝ። ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ ሰፈር ያለው ፕሌስቴሽን ቤት ገባሁ። ሰው ሞልቷል። አግዳሚው ላይ ተራ እየጠበቅኩ ጎድ ኦፍ ዋር የሚባለውን ጌም፣ የ2018ቱን ማለቴ ነው፣ እንደጨረስኩት ለጓደኛዬ አወራለታለሁ። ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ «ፕላቲነሙንስ?» አለኝ። ጌሙ ውስጥ ለየሥራው የሚሰጡትን ዋንጫዎች፣ ትሮፊ የሚሏቸውን፣ ሁሉንም ስትሰበስብ የሚሰጥህን የመጨረሻውን ማለቱ ነው። አላወጣሁም አልኩት። «እንግዲያው ተጫውቼዋለሁ አትበል። አይተኸዋል።» አግዳሚው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ቤት እስክደርስ ግን ሲከነክነኝ ነበር። የጌሙ ጀግና ክሬቶስና ልጁ የእናትየዋን አመድ ይዘው ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ አብሬ ሄጃለሁ። ሲያልቅ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ለትሮፊ ብዬ ጌሙ ውስጥ የተደበቁትን 51 ቁራ ቆጥሬ ስላልገደልኩ ተመልካች ነኝ ማለት ነው? ይሄ ትሮፊ የሚሉት ነገር የጌምን ጣዕም ገድሎታል።

ፕላቲነሙ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን ስላልጠራህ አመሰግናለሁ፣ ሰፈሩ ግን ያውቀዋል። ያልኩትን አልውጥም። ታሪኩን አይተኸዋል፣ ጌሙን ግን ግማሹን ጥለኸው ነው የወጣኸው። ዘጠኙን ቫልኪሪዎች፣ እነዚያን ከባድ ተዋጊ ሴቶች፣ ገጥመሃል? ንግሥታቸው ሲግሩን ፊት ቆመህ እጅህ አልቦህ ያውቃል? እነዚያን የምትንቃቸውን ቁራዎች ስፈልግ ነው ሠሪዎቹ ገደሉ ስር ምን ምን እንደደበቁ ያወቅኩት። ቁራዎቹ እኮ የአምላኩ የኦዲን ዓይኖች ናቸው፣ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም።

ቆሮሶ ጥብስ፦
«አይተኸዋል» 😂😂 እኔ ልሙት ይሄን ቃል ዛሬ ለባለቤቴ ነው የምለው። ወጡን በላኸው ስትለኝ አይቼዋለሁ እላለሁ።

ባለ ባጃጁ፦
ቆይ ቆይ። እናንተ ልጆች ትሮፊ ከመምጣቱ በፊት ሰው የማይቆጥር መሰላችሁ? ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባለውን ጌም በፕሌስቴሽን 2 ስንጫወት ትሮፊ የሚባል አልተፈጠረም፣ ሶኒ ያመጣው በ2008 በፕሌስቴሽን 3 ነው። እኛ ግን 100ውን የግድግዳ ጽሑፍ ስንቀባ፣ 50 የፈረስ ጫማ፣ 50 ኦይስተር፣ 50 ፎቶ ስንለቅም የሂሳብ ደብተር ጀርባ ላይ እየሰረዝን ነበር። 100 ከመቶ ስትሞላ ግሮቭ ስትሪት ላይ ታንክና ሃይድራ ጄት ይቆሙልሃል። ይሄ ነው ሽልማት። ትነዳዋለህ። የዛሬው ዋንጫ ግን ይነዳል?

ደንገል፦
ባለ ባጃጁ ታንኩን ያመጣኸው በማጭበርበሪያ ኮድ ነው፣ እኔ ራሴ ወንድሜ ሲያስገባ አይቻለሁ። ሙሉ ከተማው ኮዱን በቃሉ ይዞት ነበር።

ባለ ባጃጁ፦
ወንድምሽ ሌላ እኔ ሌላ። እኔ ኮድ አልነካሁም።

ደንገል፦
እሺ እንመን።

የሽምብጡ፦
ወደ ጉዳዩ። ባለ ባጃጁ ያለው ነገር ልክ ነው። ድሮ የቆጠረ ስለወደደ ነው የቆጠረው፣ ማንም አላየውም። አሁን ግን ጌሙ ገና ሳይከፈት ዝርዝሩን ከፍቶ የሚያነብ ሰው አለ። ምዕራፍ 3 ላይ የሚያመልጥ ትሮፊ አለ ብሎ በአንድ እጁ ስልክ በአንድ እጁ ጆይስቲክ ይዞ ነው የሚጫወተው። ገጸ ባህሪው እያለቀሰ ይሄ ሰውዬ ከጠረጴዛ ጀርባ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ፕላቲነሙ፦
ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ብታነበው ታለቅስ ነበር። አንተ ግን አይተኸዋል።

ጢስ አባይ፦
ስለዚህ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ተምረናል። በ1973 የታተመ የእነ ሌፐር የሥነ ልቦና ጥናት አለ፣ ስታንፎርድ ግቢ ያለ መዋለ ሕጻናት ውስጥ የተሠራ። መሳል የሚወዱ ልጆችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኞቹን «ከሳላችሁ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው ስለው ሲጨርሱ ተሰጣቸው። ሦስተኞቹ ምንም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ከለሩን በነጻ ሲያቀርቡላቸው ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች የሳሉበት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። የሚወዱትን ነገር ሥራ አደረጉባቸው።

ፕላቲነሙ፦
መጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው። እኔ ሕጻን ነኝ?

ቆሮሶ ጥብስ፦
በጆይስቲክ የሚጣላ ሰው ምን ሊባል ነው ታዲያ።

ጢስ አባይ፦
ጥናቱን እስከ መጨረሻው ብታነበው ላንተም ይጠቅምሃል። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ልጆች ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ጥፋቱ ዋንጫው ላይ አይደለም፣ ቀድሞ ቃል መገባቱ ላይ ነው። ጌሙን እንደፈለግክ ተጫወት፣ ትሮፊው ጥግ ላይ ብቅ ሲል ደስ ይበልህ። ዝርዝሩን ቀድመህ ከከፈትክ ግን ሰተት ብለህ ወጥመዱ ውስጥ ገባህ።

ፕላቲነሙ፦
መጀመሪያ እኔን እወቀኝ። እዚህ ከተማ አንድ ዲስክ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ጌም በየሳምንቱ አልቀያይርም። አንድ ገዛሁ ማለት አጥንቱ እስኪቀር እግጠዋለሁ። ዳታ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ኦንላይን የለ፣ ዩቲዩብ የለ፣ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ቤት ነው የምውለው። ሦስት ዲስክ ነበረኝ። ሦስቱንም ጨርሻለሁ። ያን ጊዜ ትሮፊ ባይኖር አብድ ነበር። መብራት ሲጠፋ በወረቀት ላይ የቀረኝን እጽፋለሁ፣ ሲመጣ እቀጥላለሁ። ኢንተርኔት ሲመለስ ከሰርቨሩ ጋር ሳገናኘው በእነዚያ ወራት ያጠራቀምኩት ሁሉ ከነቀኑ ተደርድሮ ገባ። ቀኖቹን ዛሬም አያቸዋለሁ። ለእናንተ ነጥብ ነው፣ ለእኔ ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ የሚነግረኝ እሱ ነው።

የሽምብጡ፦
ይሄን ቀድመህ ብትነግረኝ አግዳሚው ፊት አልከራከርህም ነበር። ግን እኮ ያንተ ታሪክ «ለእኔ ጠቅሞኛል» ነው። ያልከኝ ግን «አንተ አልተጫወትክም» ነው። ይለያያል።

ደንገል፦
ፕላቲነሙ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጣና ላይ 37 ደሴት አለ። 37ቱንም ያልረገጠ ሰው ጣናን አላወቀውም?

ፕላቲነሙ፦
ቢረግጥ ይሻለዋል።

ደንገል፦
ጥሩ። እንግዲህ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም አይገባም። ተወልጄ ያደግኩት ሐይቁ ዳር ነው፣ ናርጋ ሥላሴን አውቀዋለሁ፣ ዘጌ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አልቆጥረውም፣ ታንኳ ላይ ተኝቼ አውቃለሁ። አንድ ቱሪስት ወንድ ግን በጀልባ ደርሶ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ባንተ ሂሳብ እሱ ጣናን ተጫወተው፣ እኔ አየሁት።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ኧረ በስመአብ 😂 የጣና ፕላቲነም ለሴት የተዘጋ ነው

ባለ ባጃጁ፦
ገዳምን ከጌም ጋር አታቀላቅሉ። ሥርዓት ነው፣ ለቀልድ አይሆንም።

ደንገል፦
ገዳሙ ላይ መች ቀለድኩ ወንድሜ። ሥርዓቱን አክብሬ ጀልባው ላይ ነው የምጠብቀው። የቀለድኩት ቆጠራው ላይ ነው።

ባለ ባጃጁ፦
ቢሆንም።

መምህሩ፦
ልጆች፣ እኔ ጌም አልጫወትም፣ ልጄ ይጫወታል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ የአጎቱ ልጆች ከአዴት ሲመጡ ጆይስቲክ እየተቀባበሉ ሲንጫጩ ያመሹ ነበር። ባለፈው ፋሲካ መጡ። ልጁ ጆይስቲኩን አልሰጥም አለ። ለምን ስለው «ሳልሞት መጨረስ አለብኝ፣ እነሱ ከነኩት ይበላሽብኛል» አለኝ። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ሁለት ሰዓት አዩት። እንግዳ መጥቶ! አፈርኩ። ክፍል ውስጥም የማየው ይኸው ነው፣ ደረጃ የማይወጣበትን ገጽ የሚያነብ ተማሪ ከጠፋ ቆየ።

ፕላቲነሙ፦
ጋሼ እሱ የአስተዳደግ ነው እንጂ የትሮፊ አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የሽምብጡ፦
ሰውየው ስለ ልጃቸው ሲያጫውቱህ «የአስተዳደግ ነው» ትላለህ?

ፕላቲነሙ፦
ይቅርታ ብያለሁ እኮ! ጋሼ ተቀይመዋል?

መምህሩ፦
አልተቀየምኩም። ልጁ ግን ያንተ ሱቅ ደንበኛ ነው መሰለኝ።

ቆሮሶ ጥብስ፦
አወይ 😭😭

ጢስ አባይ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁትን ላንሳ። ትሮፊ ነጥብ አለው፤ ነሐስ 15 ነጥብ ነው፣ ብር 30፣ ወርቅ 90፣ ፕላቲነም 300። ከ2020 በፊት ተጫዋቹ በነጥቡ የሚወጣው ደረጃ እስከ 100 ነበር፣ አሁን እስከ 999 ተለጥጧል። አንድ ቁልፍ ብቻ ስትደጋግም በደቂቃዎች ውስጥ ፕላቲነም የሚሰጡ ርካሽ ጌሞችም ይሸጣሉ፣ ሰው የሚገዛቸው ለነጥቡ ብቻ ነው። እና ፕላቲነሙ፣ ኤክስን አንድ ሺህ ጊዜ የተጫነ ተጫውቷል፣ የክሬቶስን መንገድ የጨረሰ አይቷል?

ፕላቲነሙ፦
እነዚያን እኔም እንቃቸዋለሁ። ዝርዝሬ ውስጥ አንድም የለም። መጥተህ እይ።

የሽምብጡ፦
እኔ ማየት ነው የማውቀው፣ እመጣለሁ።

ቆሮሶ ጥብስ፦
እስካሁን ስስቅ ነበር፣ አሁን ግን የምር ጥያቄ አለኝ። ፕላቲነሙ፣ ሱቅ ውስጥ ጥግ ላይ ያለው ፕሌይ፣ ያ ግራ ጆይስቲኩ በፕላስተር የተጠቀለለው፣ በማን አካውንት ነው የተከፈተው?

ፕላቲነሙ፦
በእኔ ነዋ። በማን ይሁን?

ቆሮሶ ጥብስ፦
ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲጥል በሰዓት እየከፈልኩ ሲግሩን ላይ ስንት ቀን እንደከረምኩ ታስታውሳለህ? በሳንቲም የቀረኝን ሁሉ ከፍዬህ ነው የገደልኳት። ሰው ሁሉ ጮኸ። ትሮፊው ጥግ ላይ ብቅ አለ። በማን ስም ነው የገባው?

ባለ ባጃጁ፦
ኦኦኦኦኦ

ደንገል፦
ወንበር አምጡልኝ።

ፕላቲነሙ፦
ስምንቱን እኔ ነኝ የገደልኩት! አንተ የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

የሽምብጡ፦
የመጨረሻዋ ንግሥቲቱ አይደለችም እንዴ? «ሲግሩን ፊት ቆመህ እጅህ አልቦሃል» ያልከኝ አንተ ነህ። የማን እጅ ነበር ያላበው? አንተ ባንኮኒው ላይ ቆመህ…

ቆሮሶ ጥብስ፦
አየኸዋ! አይተኸዋል!!

ፕላቲነሙ፦
ስሙኝ። ከዚያ በኋላ ቤቴ በሌላ ሴቭ ከመጀመሪያው ጀምሬ እኔም ገድያታለሁ።

ጢስ አባይ፦
ግን በዚያው አካውንት ሁለተኛ ስትገድላት ትሮፊ አይወጣም። ተመዝግቦ የቀረው የቆሮሶ ቀን ነው። «ቀኖቹን አያቸዋለሁ» ያልከው ውስጥ አንዱ ቀን የሱ ነው ማለት ነው።

ፕላቲነሙ፦
ያ ክረምት ነው፣ ዳታ የተዘጋ ጊዜ አይደለም። አታደባልቅ። እነዚያ የራሴ ናቸው።

ደንገል፦
እሱን እናምንሃለን። ግን ልብ በል፣ ትሮፊ ሳታገኝም ተመልሰህ ገጠምካት። ለምን?

ፕላቲነሙ፦
ስለከነከነኝ። ደግሞ ፍልሚያው ደስ ስለሚል።

ደንገል፦
እ።

ፕላቲነሙ፦
ምን «እ» ነው? ትሮፊ ባይኖር መጀመሪያውኑ እሷ ጋ አልደርስም ነበር!

መምህሩ፦
ይሄ እንኳ እውነት ነው። ልጄም እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመረው የትሮፊ መመሪያ ለማንበብ ብሎ ነው። ልወቅሰው ስል እሱ ትዝ ይለኛል።

የሽምብጡ፦
ጋሼ ከማን ጋር ነዎት አሁን?

መምህሩ፦
ከመብራት ኃይል ጋር። ሲያጠፉት ልጁ እራት ላይ ያወራናል።

ባለ ባጃጁ፦
ዛሬ ማታ እናንተ ጋ አለ? እኛ ሰፈር ከ11 ሰዓት ጀምሮ የለም።

ደንገል፦
እኛ ጋ አለ። ኮድህን ይዘህ ና።

ባለ ባጃጁ፦
አልተጠቀምኩም አልኩሽ እኮ!

ፕላቲነሙ፦
ቆሮሶ ይሄን ሁሉ ወሬ ተወውና ነገ ሱቅ ና። አንድ ሰዓት በነጻ ትጫወታለህ፣ ተጨባብጠን እንለያይ።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ሰዓት አልፈልግም። ቫልኪሪዬን መልስልኝ።

ፕላቲነሙ፦
እንዴት አድርጌ? አንዴ የወጣ ትሮፊ አይሰረዝም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይዛወርም።

ቆሮሶ ጥብስ፦
እሱ እኔን አይመለከተኝም።

ፕላቲነሙ፦
ሁለት ሰዓት።

ቆሮሶ ጥብስ፦
ጆይስቲኩ ይቀየርና እናወራለን።