ጥቆማ፦ ለመስከረም ጭቃ ሳይክል የሚያዘጋጅ መካኒክና የተራራ ጫማ (አዲስ አበባ)

ዳገት
ሰላም ቤተሰብ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ እንጦጦ፣ ቅዳሜ በሳይክል እሁድ በእግር ለመውጣት አስበናል። ዲስክ ፍሬን በደንብ የሚያውቅ መካኒክ ጠቁሙን። ጫማስ አዲስ ይሻላል ወይስ ሳልባጅ?

ሙሉቀይ
መካኒክ ከሆነ የመርካቶው ልጅ። ሌላ ጋ አትድከሙ።

ካቴና
እሱን አላውቅም፤ የምትሸሹትን ግን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። «ሙሉ ሰርቪስ» ብሎ የሚያስከፍል ቤት አለ፤ ካቴናውን በናፍጣ ሲያጥብ ዲስኩን አይሸፍንም። ናፍጣው የፍሬን ሸራው ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ይጮሃል እንጂ አይዝም። ቅሬታ ይዛችሁ ስትመለሱ «ሸራው አልቋል» ብሎ አዲስ ይሸጥላችኋል። ዘረፋ ነው።

ሁለት ጎማ
ካቴና ልክ ነው። ሳይክሉን ስትረከቡ ዲስኩን በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ደረቅ ጥቁር ብናኝ የሸራው ነው፣ ችግር የለውም፤ ቅባት ከወጣ ግን አትቀበሉ። ዲስኩ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ይጸዳል። ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ብዙው ግሊሰሪን አለበት። ቅባት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግም ብዙ አይቆይም፣ ቀይሩት። አዲሱ ከገባ በኋላ ሜዳ ላይ ፍጥነት እየያዛችሁ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም፣ ሃያ ጊዜ ያህል ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ይህን ሳታደርጉ እንጦጦን አትውረዱ።

ሙሉቀይ
የመርካቶው ልጅ በናፍጣ አያጥብም።

ካቴና
ማን አለ?

ሙሉቀይ
እኔ።

ካቴና
በቃ፣ ማስረጃው ተሟላ። ፋይሉ ይዘጋ።

ጥድና ዝግባ
እንጦጦን ተዉት፤ መናገሻ ሱባ ሂዱ። ጥላው፣ ወፉ፣ ዝንጀሮው! በሰበታ በኩል ግቡ፤ መንገዱ ስለሚቦካ በቪትዝ እንዳትሞክሩት።

ዳገት
እናመሰግናለን፣ ግን የጠየቅነው መካኒክና ጫማ ነበር።

ሳር ቤት
ጫማውን እኔ ልመልስ። ሳልባጅ ስትገዙ የላይኛው ቆዳ አያታላችሁ፤ የሚበላሸው ሶሉ መሀል ያለው ስፖንጅ ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ፖሊዩሬታን እርጥበት እያፈረሰው ይሄዳል፤ ከላይ አዲስ መስሎ የመጀመሪያው ጭቃ ላይ ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። በአውራ ጣት ጥፍር ጫኑት፣ ጫማውንም እጠፉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ አስቀምጣችሁ ሂዱ፤ የበሰበሰ ስፖንጅ በማስቲሽም በስፌትም አይድንም። የሶሉ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ወታደር ቡት የምትሉ፦ ጭቃውን ይችላል፣ ቁልቁለት ላይ ግን የእግር ጥፍር ይነቅላል።

ሁለት ጎማ
ስለ መንገዱም ልጨምር። የእንጦጦ ቀይ አፈር ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይይዛል። የሚጥለው የረጠበው የባህር ዛፍ ልጥና ቅጠል ነው፤ እሱ ላይ ፍሬንም መሪም አይነካም፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ በጠዋት ውጡ። ጎማችሁ ያለፈበት መሬት ቦይ ከሠራ ግን ተመለሱ፤ ያ ቦይ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይወርድበታል። በየረር በኩል ያለውን መረሬ አፈርማ እስኪደርቅ አትንኩት፣ ጎማና ፎርክ መሀል ተጠቅጥቆ ቸርኬው መዞር ያቆማል።

ንፋስ፦ 2.2 ኢንች ጎማ፣ ሰባ ኪሎ ሰው፣ የፊት 28 የኋላ 30 ፒኤስአይ። የውስጥ ጎማ ካለው ከ25 በታች አታውርዱ፤ ድንጋይ ሲመታ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ጎሚስታ ጋ ቀጭኑን የንፋስ መሙያ አፍ (ፕሬስታ) የሚሞላ የለም፣ ትንሿን የነሐስ አስማሚ ኪስ ውስጥ ያዙ። የጭቃ መከላከያ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ተቆርጦ ይሠራል። ስትመለሱ ላቫጆ አትውሰዱት፤ የግፊት ውሃው ግራሶውን ከኩሽኔታው ያወጣዋል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል።

ካቴና
ላቫጆ ያልከው ያንን ቤት አስታወሰኝ። እሱም በግፊት ነው የሚያጥበው።

አዲስ ገቢ
የመርካቶው ልጅ እሁድ ይከፍታል?

ሙሉቀይ
ከቅዳሴ በኋላ።