አንቀጽ 86፦ የውጭ ግንኙነት መርሆዎች ሲጋጩ የቱ ይቀድማል?

የሕግ ተማሪ፦
ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 86 የውጭ ግንኙነት መርሆዎችን በስድስት ንዑስ አንቀጾች ይዘረዝራል። ንዑስ 1 የሕዝብን ጥቅምና ሉዓላዊነትን ማስከበር፣ ንዑስ 2 በሌላ አገር ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት፣ ንዑስ 6 ግጭትን በሰላም መፍታት ነው። ሲጣረሱ የቱ ይበልጣል? መንግሥት ቢጥሳቸው መክሰስ ይቻላል?

ቀለም፦
ማዕረግ አልተሰጣቸውም፤ ቁጥሩ የአጻጻፍ ተራ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንቀጽ 85ን ያንብቡ፦ ማንኛውም የመንግሥት አካል፣ ክልሎች ጭምር፣ ሕግና ፖሊሲ ሲያስፈጽም በምዕራፍ 10 መርሆዎች መመራት አለበት። መመሪያ ናቸው፤ እንደ ምዕራፍ 3 መብቶች ክስ ለመመሥረት አይመቹም። ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 37ም የሚናገረው በፍርድ ሊወሰን ስለሚገባው ጉዳይ ብቻ ነው። ዋናው መቆጣጠሪያ ፓርላማው ነው፦ በአንቀጽ 55(12) ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸድቃል፣ የጸደቀው በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

ድንበር፦
ሁሉም የሚዘለው ንዑስ 4ን ነው። ስምምነት ይከበራል ይላል፣ ግን ሉዓላዊነትን የሚያስከብርና የሕዝብን ጥቅም የማይቃረን ሲሆን። የኢትዮጵያና የኤርትራን የአልጀርስ የሰላም ስምምነት ይዩት። በታኅሣሥ 1993 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አሳሪ እንዲሆን ተፈረመ፤ ውሳኔው በሚያዝያ 1994 ወጣ። ባድመ በኤርትራ በኩል ስትወድቅ ግን ነገሩ ቆመ። በኅዳር 1997 መንግሥት በባለ አምስት ነጥብ ሐሳብ «በመርህ ደረጃ» ተቀበለ፤ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው በግንቦት 2010 ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ ደግሞ የራስን ሕግ ጠቅሶ ከውል ግዴታ ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ ንዑስ 4 የሚጠቅመው ከመፈረም በፊት እንጂ ከፈረሙ በኋላ አይደለም።

ዋቢ፦
እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ፊርማና ማጽደቅ አይምታቱ። የናይል ተፋሰስ አገሮች የውሃ አጠቃቀም ስምምነት የሆነው የትብብር ማዕቀፍ በግንቦት 2002 ተፈርሞ እኛ ያጸደቅነው በሰኔ 2005 ነው። የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ ሶማሊያ የግዛቴ አካል ናት ከምትላት ከሶማሊላንድ ጋር በታኅሣሥ 2016 ስለ ባሕር በር የፈረመችውን ሰነድ እንደ ጸደቀ ስምምነት የሚጠቅስ ወረቀት ነጥብ ያጣል።

የግጭት ጥያቄህ ጥሩ ምሳሌም እሱው ነው፦ የባሕር በር ፍላጎት በንዑስ 1፣ የሶማሊያ ሉዓላዊነት በንዑስ 2። በታኅሣሥ 2017 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ ያወጡት የአንካራ መግለጫ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ የሶማሊያን ሉዓላዊነት አክብሮ፣ ኢትዮጵያ በሶማሊያ ሥልጣን ሥር የባሕር መዳረሻ እንድታገኝ። ዲፕሎማት መርሆን አያስበልጥም፤ ሁለቱም የሚገቡበትን ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ተግባራዊ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
አመሰግናለሁ። የማጽደቅ ሥርዓቱን የት ላንብብ?

ዋቢ፦
አዋጅ ቁጥር 1024/2009። የእያንዳንዱን ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ፈልግ።