የመጠጥ ውሃ በባለሸራ ጀልባ ላይ፦ ማጣሪያ ወይስ ጀሪካን? ጥቆማ

ጥያቄ፦ ጀልባችን 12 ሜትር ባለሸራ ናት፤ የምንኖርባት ሁለት ነን። 300 ሊትር ታንከርና 400 ዋት ሶላር አለን፤ ጄኔሬተር የለንም። በሞቃት ደሴቶች መካከል ወራት እንከርማለን። የትኛው የባህር ውሃ ማጣሪያ ይሻላል? ወይስ ጀሪካን ይበቃል?

መልስ፦ ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት የባትሪያችሁን ሂሳብ ሥሩ። ፍሪጁ ብቻውን በዚያ ሙቀት በቀን 50 ወይም 60 አምፒር ሰዓት ይጠጣል። የባህርን ውሃ በሜምብሬን (ጨውን አስቀርቶ ንጹሑን ውሃ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) ለማሳለፍ ደግሞ 55 ባር ገደማ ግፊት ያስፈልጋል። ከሚገፋው ውሃ አብዛኛው ግን ጨውነቱ በርትቶ፣ ግፊቱን እንደያዘ ተመልሶ ወደ ባህር ይወጣል። ተራ ፓምፕ ያንን ጉልበት በከንቱ ይደፋዋል፤ ስፔክትራና ሼንከር የተባሉት የማጣሪያ ዓይነቶች ግን አዲሱን ውሃ ለመግፋት መልሰው ይጠቀሙበታል። ጄኔሬተር ለሌለው ጀልባ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ስፔክትራ ቬንቹራ 150 በ12 ቮልት 9 አምፒር ገደማ እየወሰደ በሰዓት 24 ሊትር ያህል ይሰጣል። ቆጣቢ ለሆኑ ሁለት ሰዎች በቀን 50 ሊትር ይበቃል፤ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ነው። ካታዳይን 40ኢ 4 አምፒር ወስዶ በሰዓት 5.7 ሊትር ብቻ ስለሚሰጥ ለዚያው ውሃ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ሲንጫጫ ይውላል። ለመጠጥ ብቻ ከሆነ ግን አትናቁት፤ ባትሪ ቢሞት በእጅ ይሠራል።

ሌላ መልስ፦ ሬይንማን የተባለውን የባህር ውሃ ማጣሪያም አትርሱ። ባለቤንዚን ሞተሩ ትልቅ ሞዴል በሰዓት 140 ሊትር ያወጣል፣ ባትሪ አይነካም፣ በሳምንት አንዴ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በለጥ ብሎ ታንከራችሁን ይሞላል። ችግሩ ጩኸቱና ጀልባ ላይ ቤንዚን ማስቀመጡ ነው። ጎረቤት ካለ ጎሕ ሲቀድ አታስነሡት፣ ትጠላላችሁ።

የትኛውንም ብትገዙ ማሽኑን የሚገድለው አያያዝ ነው። ዘይት በሚንሳፈፍበት ወደብ ውስጥ በፍጹም አታስነሡት። ቆሞ ከሰነበተ ውስጡ የቀረው የባህር ውሃ ይበሰብስና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ በሙቀት ቢበዛ በየ5 ቀኑ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። እጥበቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ታንከሩ በወደብ ቧንቧ ከተሞላ ወይም በረኪና ከተጨመረበት ክሎሪኑ ሜምብሬኑን ይበላዋል፣ መፍትሔውም መቀየር ብቻ ነው። በማጠቢያው መስመር ላይ የከሰል ማጣሪያ ግጠሙ፤ አንዴ ከረጠበ በኋላ ከ6 ወር በላይ አታቆዩት።

ግፊቱ ከፍ ዝቅ ካለ ፓምፑን ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የ5 ማይክሮኑን ቅድመ ማጣሪያ ክዳን ክፈቱና ኦሪንጉን (ክዳኑን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) በጣት ዳስሱት፤ አሸዋ ወይም ፀጉር ብትጣበቅበት እንኳ በዚያ በኩል አየር ይገባል። ጥረጉት፣ ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት፣ ክዳኑን በእጅ ብቻ አጥብቁ።

ሌላ መልስ፦ እኔ ለመጀመሪያው ወቅት ማሽን አልመክርም። 10 ካሬ ሜትር ጥላ ሸራ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ 200 ሊትር ይሰበስባል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ድፉት፤ ጨውና የወፍ ኩስ አለበት። ሳህን በባህር ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ቢደረግ ፍጆታው በብዙ ይወርዳል። ጀሪካኑ ባለ20 ሊትር ይሁን፤ ከዚያ የበለጠውን ከጎማ ጀልባ ወደ ላይ ማንሣት ወገብ ይቆርጣል። ብርሃን የሚያስገባ ነጭ አትግዙ፣ አልጌ ያበቅላል።

ጥያቄ፦ ውሃው ጨው መያዙን በምን እንወቅ?

መልስ፦ ቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው መጠን የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። ማሽኑ ሲነሣ ንባቡ ከ500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 500) እስኪወርድ ውሃውን ወደ ባህር ልቀቁት፣ ከዚያ ወደ ታንከር አዙሩት። በሞቃት ባህር የሚወጣው ውሃም ጨዉም ትንሽ ስለሚጨምር 300 ብታዩ አትደንግጡ። 300 የነበረው በሳምንት ውስጥ 700 ከገባ ግን ክሎሪን ነክቶታል ወይም የሜምብሬኑ ጫፍ ኦሪንግ ለቋል፤ ርካሹ ኦሪንጉ ስለሆነ ከሱ ጀምሩ።