ለተሰበረ የላይኛው ክንድ የሚሆነውን ድጋፍ ለመምረጥ እርዳታ እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ወድቀው ከትከሻቸው እስከ ክርናቸው ያለው አጥንት መሐሉ ላይ ስለተሰበረ፣ ሐኪማቸው ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልግ ገልጸው፣ እብጠቱ ሲቀንስ ጀሶው ወጥቶ የላይኛውን ክንድ ዙሪያውን በሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ እንዲተካ አዝዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሳርሚየንቶ በተባሉ ሐኪም ሥራ የታወቀው ይህ ድጋፍ ጡንቻውን ዙሪያውን እየተጫነ አጥንቱን የሚያጸና፣ ትከሻንና ክርንን ግን ለእንቅስቃሴ ነጻ የሚተው ነው።

ችግሬ በየሕክምና ዕቃ መሸጫው የማገኘው ክንድን ከወገብ ጋር የሚያስር የትከሻ ድጋፍ ወይም ተራ የጨርቅ ማንጠልጠያ ብቻ መሆኑ ነው። ሻጮቹ ልዩነት የለውም ይላሉ፤ ወጌሻ ይጠራ የሚሉ ዘመዶችም አልጠፉም። እኔ እንደተረዳሁት ግን ክርንን ከሥር የሚደግፍ ሰፊ ማንጠልጠያ የክንዱን ክብደት ስለሚሸከም፣ ስብራቱ በራሱ ክብደት እንዲቃና የሚረዳውን ስበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእጅ አንጓን ብቻ ከአንገት ጋር የሚያያይዘው ጠባቡ ማንጠልጠያ የተሻለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ልምዱ ያላችሁ የፊዚዮቴራፒና የአጥንት ሕክምና ባለሙያዎች እንድታግዙኝ እጠይቃለሁ። የድጋፉ ልክ የሚወሰደው በክንዱ ዙሪያ ነው ወይስ በርዝመቱም ጭምር? እብጠቱ ወርዶ ሲላላ ማሰሪያውን ማጥበቅ ይበቃል ወይስ ሌላ ልክ ያስፈልጋል? የተዘጋጀው ካልተገኘ፣ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠሩ ባለሙያዎች በልካቸው ሊሠሩላቸው ይችላሉ? አሁን የእጅ አንጓቸውን ቀና ማድረግና ጣቶቻቸውን መዘርጋት ይችላሉ፤ ድጋፉ ከተደረገ በኋላ ይህ ቢያቅታቸው ነርቭ ተጭኗል ብዬ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ልውሰዳቸው?